ኮፈኔን በስቴኪኒ ያዳነልኝ የኮምቦልቻው ቀለም ቀቢ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ አንድ ክረምት ሙሉ ጠብቄያለሁ። ቀለም የተቀባ መኪና በመጀመሪያው ሳምንት መቼም ያምራል። አመስግኜ ሳልጨርስ ዝገቱ ተመልሶ ቢወጣ ማፈሬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፣ የደሴ ጉምም መኪናዬ ላይ እንደ ልቡ ተኛ። ትናንት አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጣቴ እየዳበስኩ አንድ በአንድ አየኋት። ምንም የለም። እንግዲህ ልናገር።

መኪናዬ ነጭ ኮሮላ ናት። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት በየቀኑ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን መንገዱ ጥምዝምዝ ስለሆነ ከከባድ መኪና ኋላ ከገባችሁ መቅደም የለም፣ ተከትሎ መንፏቀቅ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ለሥራ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ እሄዳለሁ። እሱ የጅቡቲ መስመር ነው፣ ተሳቢው አያልቅም። ከጎማቸው የሚፈናጠረው ጠጠር ኮፈኑን ጣ! ሲያደርገው እኔን የመታኝ ይመስለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጥር ነበር። በኋላ ተውኩት።

ጠጠሩ የሚተወው ነጥብ የሩዝ ፍሬ እንኳ አያክልም፤ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ግን የፋብሪካ ቀለም ንብርብሩ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ጠጠሩ ያንን በስቶ ላሜራው ጋ ከደረሰ ውሃና አየር ሥራቸውን ይጀምራሉ። ዝገቱ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም፣ በቀለሙ ስር ለስር ወደ ጎን ይሄዳል። ዙሪያው እንደ ብጉር ያብጣል። ነጭ መኪና ላይ ሲሆን ዝናብ በመታው ቁጥር ቡናማ መስመር እያወረደ ከሩቅ ያሳጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ወስጃት ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ስቱኮ ለጥፈው፣ ላዩን በኮምፕረሰር ነፍተው፣ አሽሞንሙነው ሰጡኝ። ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ክረምቱ ሳያልቅ ስቱኮው ከነቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከስሩ ዝገቱ እንዳለ ነው፣ እንዲያውም ሰፍቷል።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደዚህ ሰው የላከኝ። ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ በሚያስወጣው መንገድ በኩል ነው የሚሠራው። ብቻውን ነው። አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ በቃ። ኮፈኑን ሙሉ ቀባልኝ አልኩት። ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና፣ «ምን በወጣሽ እህቴ! የፋብሪካ ቀለም ተገፎ የት ይገኛል? የታመመውን ብቻ እናክመው» አለኝ። ትልቁን ሥራ ትቶ ትንሹን የሚመክር ባለሙያ አይቼ ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር ተጠራጠርኩ። ሥራውን መሸሹ ነው እንዴ ብያለሁ በሆዴ።

መሸሽ አልነበረም። ያን ቀን ሥራ ስላልነበረኝ ቁጭ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ ቅባቱን በደንብ አስለቀቀ። ከዚያ በስል ቢላዋ ጫፍ ያበጠውን ቀለም እየፈነቀለ ማንሳት ጀመረ። የሩዝ ፍሬ የነበረው ነጥብ ሽምብራ አከለ። «ኧረ አበላሸኸው!» አልኩ። «አብሽሪ፣ ላሜራውን የያዘው ቀለም ጋ እስክደርስ ነው» አለኝ። ብርጭቆ ወረቀት ቆርጦ የእርሳስ ቂጥ ላይ ጠቀለለና እያዞረ ይፍቅ ጀመር። መጀመሪያ ሻካራውን ቁጥር 80፣ ከዚያ 180፣ መጨረሻ ላይ የቀለሙን ጠርዝ ለስለስ ባለው 320። ጠርዙ ካልሳሳ አዲሱ ቀለም ደረጃ ሠርቶ ይቀራል አለኝ። ላሜራው እንደ አዲስ ሳንቲም አበራ። ጎድጎድ ባሉት ላይ የቀረችውን ጥቁር ነገር ፎስፎሪክ አሲድ ባለበት የዝገት ማጥፊያ ነክቶ፣ ጠብቆ፣ ጠረገ። እኔ ልዳብሰው ስል እጄን መለሰው። የጣት ላብና ቅባት ካረፈበት ቀለሙ አይዝም።

አንቲሩጂኑን፣ ማለትም ዝገት የሚከላከለውን የስር ቀለም፣ ያኔውኑ ቀባው። የተራቆተ ላሜራ ሲያድር አልወድም ነው የሚለው። ደሴ በጉሙ ጊዜ ብታሳድሪው ጠዋት ቡናማ ሆኖ ታገኚው ነበር አለኝ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ስለምትገኝ ትሞቃለች፤ ለቀለም ሥራ ይመቻል። ደሴዎች አትቀየሙኝ፣ እኔም የዚያው ነኝ።

ቀለሙን በዓይን ግምት አልቀላቀለም። መኪናዋ ላይ ካለችው የብረት ሰሌዳ 040 የሚለውን ቁጥር አንብቦ፣ ያንን ይዞ ነው ቀለም የገዛው። የቶዮታ ነጭ ነው። ከዚያ ብሩሽ ያነሳል ብዬ ስጠብቅ ስቴኪኒ አወጣ! ምሳ በልተን ጥርሳችንን የምንጎረጉርበትን። ጫፉን ቀለም ውስጥ ነከር፣ ነጥቡ መሃል ጠብ፣ ቀለሙ ራሱ ተንሸራቶ ጠርዙን እስኪሞላ ዝም ብሎ ማየት። ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ደግሞ ሌላ ጠብታ። አራት ዙር፣ 14 ነጥብ። ትንፋሹን ይዞ ነበር የሚሠራው። ከአራት ቀን በኋላ ከፍ ብሎ የቀረውን በውሃና በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዝቅ አድርጎ በእጁ ፖሊሽ አደረገው።

እንከን የለውም አልልም። ሁለት ቀን ብሎኝ ስድስት ቀን ፈጀ፤ ሳምንቱን በሚኒባስ ተንገላታሁ። ቀትር ላይ ጎንበስ ብላችሁ ካያችሁም ሁለት ነጥቦች ከአሮጌው ቀለም ነጣ ይላሉ። ይሄን ግን ገና ሳይጀምር ነግሮኛል። ከፊት መስታወቱ ጎማ ስር የነበረውን ዝገት ደግሞ አልነካም አለ። መስታወቱ ሳይወርድ አይሆንም፣ የባቲላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል ጠጋኝ፣ ሥራ ነው ብሎ ወደ ሌላ ሰው ላከኝ። የከፈልኩት ኮፈኑን ሙሉ ለማስቀባት ሌላ ቦታ ከጠየቁኝ ሩብ አይሞላም።

ወንድሜ፣ አላህ እጅህን ይባርከው። ወረፋ እንዳይበዛበት ስሜን አደባባይ አታውጪ ስላለኝ ስሙንም ስልኩንም እዚህ አልጽፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። አርብ ከሰዓት በፊት አትሂዱ፣ ጁምዓ ስለሚሄድ ሥራ አይጀምርም። መኪናችሁንም አሳጥባችሁ ሂዱ። በጭቃ የመጣ መኪና አያይም፤ እኔንም መጀመሪያ ቀን መልሶኛል።