አዲሱ ሰፈር ቤት ልትገዙ ነው? እኔ ከ5 ኮከብ 2 ተኩል ሰጥቼዋለሁ

የሰፈሩን ስም አልጠራም። እዛ ቤታቸውን ለመሸጥ ለፍተው ለፍተው ገዢ ያጡ ሰዎች አሉ፣ እኔ ደግሞ ጭራሽ ገበያ ልዘጋባቸው አልፈልግም። ምስራቅ ጎጃም ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ የጮቄ ተራራ ወለል ብሎ የሚታይበት፣ የማህበር ቤት የበዛበት ሰፈር። ደብረ ማርቆስም በሉት ቢቸና፣ ሞጣም በሉት ደጀን፣ ዳር ዳሩን ብትሄዱ እንደዚህ አይነት ሰፈር አታጡም ስለዚህ ስም ባልጠራም ይገባችኋል። እኔ ተከራይቼ ነው ምኖርበት፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ እዛው አካባቢ ቤት ፈልግልኝ ስላለኝ ያልገባሁበት ግቢ ያላነጋገርኩት ደላላ የለም ማለት ይቻላል።

ሁሉም ሰው ሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ ሰፈሩ አዲስ ቤቱ አዲስ፣ ቆርቆሮው ገና ያብረቀርቃል፣ ታዲያ እንዴት ነው ዋጋው ሚወርደው?

ደላሎቹን ብትጠይቁ ወርዷል አይሏችሁም። "ቤት ወርዶ አያውቅም ወንድሜ፣ ገዝተህ ተኛ" ነው መልሳቸው። በብር ብቻ ካያችሁት እውነት ሊመስል ይችላል፣ የዛሬ ሶስት አራት አመት የተገዛ ቤት ዛሬም በዛው ብር ወይ ትንሽ ጨምሮ ሊሸጥ ይችላል። ግን ብሩስ ያው ብር ነው እንዴ? ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከዛ በኋላ ፌሮ የት እንደደረሰ ሲሚንቶ የት እንደደረሰ ቤት የጀመረ ሰው ይንገራችሁ። ስለዚህ ሰውየው በገዛበት ሸጠ ማለት ከሰረ ማለት ነው፣ ያንኑ ቤት ልስራ ቢል ግድግዳው ላይ ሳይደርስ ብሩ ያልቅበታል። ደግሞ የተጠራ ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ አንድ አይደለም። እዚህ ሰፈር ግማሹ በር ላይ "የሚሸጥ ቤት" ተብሎ በቀለም ተጽፏል፣ አንዳንዱ ስልክ ቁጥሩን ፀሀይ አጥቦት መነበብ አቁሟል፣ ዋጋውን ስትጠይቁ ግን ባለቤቱ ድሮ የጠራው ላይ ድርቅ ብሎ ነው ሚጠብቃችሁ። ከዛ ቡና ጠጥታችሁ ትንሽ ስትቀመጡ ይወርዳል፣ ስትነሱ ደግሞ ይወርዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ አፈሩ። ሰው ስለሰፈሩ ሲያወራ ስለ አስፋልት ስለ መብራት ነው ሚያወራው፣ እኔ ግን ዋጋውን መጀመሪያ የገደለው አፈሩ ነው ባይ ነኝ። ሰፈሩ ሁለት ቦታ ይከፈላል፣ ላይኛው ዳገቱ ቀይ አፈር ነው፣ ታችኛው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ ጤፍ ያበቅላል ሽምብራ ያበቅላል እግዜር ይስጠው፣ ቤት ግን አይሸከምም። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ እጅ ሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ ቤቱንም አብሮ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ያውም እኩል ቢሆን ባልከፋ አንዱን ጥግ ብቻ ነው እየመረጠ ሚያነሳው። መፍትሄ የለውም ማለቴ አይደለም። ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ፣ በድንጋይና በሰሌክት (ለሙሌት በተመረጠ የማያብጥ አፈር) ተተክቶ፣ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ግሬድ ቢሙ (ግድግዳው ሚያርፍበት የመሰረት ኮንክሪት) የሚገባውን ፌሮ በልቶ፣ የጣሪያው ውሃ ደግሞ ከመሰረቱ ርቆ እንዲሄድ ቦይ ከተሰራለት ቤቱ ይቆማል። ችግሩ ማህበር ላይ ብር ሲያጥር መጀመሪያ ሚቀነሰው ከመሬት በታች ያለው ነው፣ ማን ያየዋል! በሩ ላይ አይቀነስም፣ ኮርኒሱ ላይ አይቀነስም፣ እነሱ ይታያላ። እና ሁለት ሶስት ክረምት ሲያልፍ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ኮርኒሱ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ ጎረቤቱም ቤት እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ታችኛው ሰፈር በሙሉ "የተሰነጠቀው" ተብሎ ይቀራል። አንድ በደንብ የተሰራ ቤት እዛ ሜዳ ላይ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ መሰረቱን ሲያስቆፍሩ ራሳቸው ቆመው ነው ያስቆፈሩት፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። "ጋሼ ታዲያ ለምን አይሸጥም?" ስላቸው "ልጄ ገዢው ግድግዳዬን አያይም፣ የጎረቤቴን ግድግዳ አይቶ ነው ከበር ሚመለሰው" አሉኝ።

ሻጮች ምን ያደርጋሉ፣ ስቱኮ ያስመቱና ቀለም ይቀባሉ። ቤቱ በሙሉ ሳይሆን አንድ ክፍል ብቻ፣ ወይ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ጠርጥሩ። በሮቹን አንድ በአንድ ክፈቱ ዝጉ፣ አልገጥም ሚል በር ካለ እንጨቱ ላይ አትፍረዱ። ግንቦት ላይ አይታችሁ ከሆነ ደግሞ ነሐሴ ላይ ተመለሱ፣ በጋ ላይ ያየሁትን ሽንት ቤት ክረምት ላይ ሞልቶ አግኝቼዋለሁ ምክንያቱም ሜዳው ላይ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ነው፣ ሴፕቲክ ታንኩ ከውጭ ውሃ እየሳበ ይሞላል፣ መጣጭ መኪናው ደግሞ በዛ ጭቃ አይገባም። 150 ካሬ ግቢ ላይ የራስህ የውሃ ጉድጓድ ከጎረቤት ሽንት ቤት ስንት ሜትር እንደሚርቅ እናንተው ገምቱት፣ ስለዚህ የጉድጓድ ውሃ አለው ሲሏችሁ አትደሰቱ።

ውሃ ካነሳን አይቀር፣ ቧንቧው ገብቷል። ቧንቧው! ውሃው ሌሊት ነው ሚመጣው፣ እሱም ሲመጣ። ሮቶ የሌለው ቤት እዚህ ሰፈር ቤት አይባልም። መብራት ላይ ደግሞ ትራንስፎርመሩ ሲተከል የነበረው ቤትና አሁን ያለው ቤት አይገናኝም፣ ሰው በገባ ቁጥር እሱ ላይ ይቀጠላል፣ ቆጣሪ ያልደረሰው ከጎረቤት ይስባል፣ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ ኃይሉ ይሞታል። አከራዬ "ይኸው እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ" እያሉ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው ነው ሚጋግሩት። እኚህ ሴትዮ ዋጋ ስለወረደበት ምክንያት ከየትኛውም ደላላ የተሻለ ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፣ "ቤት መጥቶ ሚያይ ሰው ቀን ነው ሚመጣው፣ ሚስቱ ግን ማታ ትመጣለች" አሉኝ አንዴ።

መንገዱን በአጭሩ ልለፈው፣ ጠጠር ነበር፣ ክረምት ወሰደው፣ ኮብል ይገባል ተብሎ ሰው ብር አዋጥቷል፣ እየተጠበቀ ነው። ባጃጁ ከዋናው መንገድ ላይ ያወርዳችኋል፣ ግባ ካላችሁት ኮንትራት ነው።

ከሰፈሩ ውጪ ያለውም አለ በእርግጥ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውን ሁኔታ ሁላችንም ምናውቀው ነው፣ መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ማታ መውጣት ሰው ይፈራል፣ እና ድሮ "ዳር ይሁን ሰፊ ግቢ ይኑረኝ" ይል የነበረው ሰው አሁን ጠባብም ቢሆን መሀል ከተማ ይሁንልኝ እያለ ነው። በዛው ሰሞን ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በአመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀመጠ፣ በኋላ ጣሪያውን ከፍ ቢያደርገውም በብድር ቤት ሚገዛ ሰው እዚህ እኔ አላየሁም፣ ጥሬ ብር የያዘ ብቻ ነው ገዢ። ጥሬ ብር የያዘ ሰው ደግሞ ይመርጣል፣ ይጫወትባችኋል፣ አይቸኩልም። በ2017 የንብረት ታክስ አዋጁ ፓርላማ ካፀደቀው ወዲህም ሁለተኛ ቤት ልግዛ ሚሉት ትንሽ ረገብ ብለዋል፣ ቢያንስ ሰበብ አግኝተዋል።

ግን ይሄ ሁሉ ለከተማው በሙሉ ነው ሚሰራው፣ ለምን ይሄ ሰፈር ከሌላው ባሰ ካላችሁ ሌላ ነገር አለ። ከሰፈሩ ጀርባ ሌላ ሰፈር ተከፈተ። ለአዳዲስ ማህበራት ቦታ ተሰጠ፣ ከዛም ወዲያ ገበሬው ራሱ እየቆረሰ በውል ይሸጣል፣ ጨረቃ ቤትም ይበቅላል። ትናንት "አዲሱ ሰፈር" የነበረው ዛሬ መሀል ላይ ቀረ፣ ከኋላው በርካሽ ባዶ ቦታ እያለ ማን ያረጀ አዲስ ቤት ይገዛል። አዲስ መሆኑ ብቻ ነበር እኮ ዋጋው፣ እሱ ሲሄድ ሌላ ምን አለው? ቤቶቹ ደግሞ በአንድ ፕላን የተሰሩ ስለሆኑ አንዱ በርካሽ ከሸጠ የሁሉም ዋጋ እሱ ይሆናል፣ የኔ ይለያል ማለት አይቻልም፣ አይለይማ። አንድ የታመመ ሰው ለህክምና ብር ቸኩሎ በወረደ ዋጋ ሸጠ፣ ከዛ በኋላ ገዢ ሁሉ የሱን ዋጋ እየጠቀሰ ነው ሚገባው።

ሌላው ሰው የለበትም። ባለቤቶቹ ግማሾቹ አዲስ አበባ ናቸው ግማሾቹ አሜሪካ አረብ ሀገር ናቸው፣ ግቢው ውስጥ ዘበኛና ውሻ ብቻ ነው ያለው፣ አንዳንዱም በቁሙ ቀርቶ ብሎኬቱ ሳር አብቅሏል። ሰው ከሌለ ወፍጮ አይመጣም፣ ሱቅ አይመጣም፣ አፀደ ህፃናት አይከፈትም። ቤተክርስቲያኑ እንኳ ገና መቃኞ ነው። እድር የለም! ይሄን ቀላል አትዩት። የወንድሜ አማት ቤቱን ልታይ መጥታ ክፍሎቹን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ መጀመሪያ የጠየቀችው እድሩ የቱ ጋ ነው ብላ ነው፣ ገና አልተቋቋመም ስትባል ጫማዋን አጠለቀች፣ አለቀ።

ሰነዱ ላይ ጊዜ ስጡ። እዚህ ያለው ቤት ብዙው በውክልና ነው እጅ በእጅ ሚዞረው፣ ካርታው ገና በማህበሩ ስም ነው ወይ በመጀመሪያው አባል ስም ነው። ርካሽ የሆነበት አንዱ ምክንያት ራሱ ይሄ ነው፣ ሚያውቅ ገዢ አደጋውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። በፍትሐ ብሔር ህጉ ወካዩ ከሞተ ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል፣ ከዛ ከወራሾች ጋር ነው ምትገናኙት፣ ወራሾች ደግሞ ሽያጩን አናውቅም ሊሏችሁ ይችላሉ። የቤት ሽያጭ ውልም በጽሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይ ውል አዋዋይ ፊት መደረግ አለበት፣ ደላላ ቤት በሶስት ምስክር ተፈራርሞ መሄድ ድሮ ቀረ። የሊዝ ውዝፍ ካለበት ማን እንደሚከፍል፣ ቴምብር ቀረጡን 2 በመቶውን ማን እንደሚችል ቀብድ ሳትሰጡ በፊት ተነጋገሩ። አንድ ቤት ላይ ሁሉንም ተስማምተን ውዝፉ ሲወጣ ሻጩ ስልክ ማንሳት አቆመ።

ጥሩ ጎኑን አልክድም። አየሩ፣ ፀጥታው፣ ከጀርባ ያለው የባህር ዛፍ ሽታ፣ ልጆች ሜዳ አላቸው። የኪራይ ዋጋው ለኛ ለተከራዮች ሀሪፍ ነው፣ መሀል ከተማ አንድ ክፍል በሚከራይበት እዚህ ሙሉ ሰርቪስ ትይዛላችሁ፣ ባለቤቶቹም ቤቱ ባዶ ከሚቀር ብለው አይጨቃጨቁም። ለመኖር 3 ተኩል እሰጠዋለሁ። ለመግዛት ለዛውም ነገ ሸጬ አተርፋለሁ ለሚል ሰው ግን 1 ብቻ። አማካዩ ያው ወደ 2 ተኩል ነው፣ ሂሳቡን ትንሽ አዳልቼለታለሁ።

ወንድሜን ምን አልኩት? ላይኛው ዳገት ቀይ አፈሩ ላይ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ፣ ሰው እየኖረበት ያለ ቤት ካልሆነ አትንካ ብዬዋለሁ፣ ባዶ የቆመ ቤት ጉድለቱን ሚነግራችሁ ሰው የለውም። እንደዛ ያለ ሁለት አሉ፣ አንደኛው ባለቤት መስከረም ላይ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ ስለሆነ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ይለሳለሳል ብለን እየጠበቅነው ነው። ኮብሉ ከዛ በፊት ከገባ ግን ዋጋውን መልሶ ይሰቅላል፣ ያኔ እኔም ኮከቡን አስተካክላለሁ።