«ፈቃድ አያስፈልገውም» ከሚል የድራይቭዌይ ሠራተኛ ጋር አትዋዋሉ፦ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ የቤት ባለቤቶች

ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ዙሪያ «ድራይቭዌይ እንሥራላችሁ» የሚሉ ሰዎች ይበዛሉ። አንዱ በር አንኳኩቶ ይመጣል፤ «እታች ሰፈር ስንሠራ አስፋልት ተርፎናል፣ ዛሬውኑ ከሆነ በግማሽ ዋጋ እንሠራላችኋለን» ይላል። ሌላው በዘመድ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ በኩል ይገኛል፤ አማርኛ ይናገራል፣ «ለሐበሻ ነው፣ ቀንሼ ነው» ይላል። አቀራረባቸው ቢለያይም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፦ «ፈቃድ አያስፈልገውም፣ የራሳችሁ ግቢ አይደል እንዴ?» ይህን ከሰማችሁ ዋጋው የፈለገውን ያህል ቢረክስ ውሉን ተዉት።

ግቢው የእናንተ ነው። ወደ መንገዱ የሚወጣበት አፍ፣ ኤፕረን የሚሉት፣ ግን የእናንተ አይደለም። ከከርቡ፣ ማለትም ከመንገዱ ከፍ ያለ የኮንክሪት ጠርዝ፣ ጀምሮ እስከ እግረኛ መንገዱ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ጥቂት አልፎ ያለው መሬት የመንገዱ ይዞታ ነው። ሣሩን የምታጭዱት፣ በረዶውን የምትጠርጉት እናንተ ብትሆኑም ባለቤቱ ካውንቲው፣ ከተማው ወይም ስቴቱ ነው። ዲሲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በብዙ የድሮ ሰፈሮች ከእግረኛ መንገዱ እስከ ቤቱ ደረጃ ድረስ ያለው የፊት ግቢ ራሱ የሕዝብ ቦታ ነው። እዚህ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ሲገኝ «አፍርሰህ መልስ» የሚለው ደብዳቤ የሚጻፈው ለቤቱ ባለቤት ነው። ሠራተኛው በዚያን ጊዜ ስልክ አያነሳም።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «የእኔን መንገድ የሚያስተዳድረው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አድራሻችሁን አይቶ ይመልሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ማዘጋጃ ቤት የለውም፤ ፈቃዱ የሚወጣው ከሞንትጎመሪ ካውንቲ የፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው። ታኮማ ፓርክ፣ ሮክቪልና ጌትስበርግ ግን ከተሞች ስለሆኑ ለራሳቸው መንገድ ራሳቸው ይፈቅዳሉ። ቤታችሁ ጆርጂያ አቬኑ፣ ኮልስቪል ሮድ ወይም ኒው ሃምፕሸር አቬኑ ላይ ከሆነ መንገዱ የስቴት ነውና ጉዳዩ ወደ ሜሪላንድ የሀይዌይ አስተዳደር ይሄዳል። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ አብዛኛውን የሰፈር መንገድ ሳይቀር የያዘው የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ቪዶት ነው፤ አርሊንግተን ካውንቲና አሌክሳንድሪያ ከተማ ደግሞ የየራሳቸውን ያስተዳድራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የፖስታ አድራሻው «አሌክሳንድሪያ» የሚል ብዙ ቤት በእርግጥ ያለው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። ዲሲ ከሆናችሁ የምትሄዱት ወደ ዲሲ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ዲዶት ነው።

ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ ማለት ማግኘት ማለት አይደለም። ዲሲ ውስጥ ቤታችሁ በጓሮ በኩል አሊ፣ ማለትም የመኪና መግቢያ የሚሆን ጠባብ የውስጥ መንገድ፣ ካለው ከርብ ቆርጦ አዲስ የመኪና መውጫ መክፈት በአብዛኛው ይከለከላል። ሌላም ቦታ ቢሆን የስልክ ወይም የመብራት ምሰሶ፣ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ፣ የመስቀለኛ መንገድ ቅርበት ወይም የመንገድ ዳር ዛፍ ሊያስከለክል ይችላል። ሜሪላንድ ከ1914 ጀምሮ የመንገድ ዳር ዛፍ ሕግ አላት፤ በመንገዱ ይዞታ ላይ ያለ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይነካም፣ ሥሩም ቢሆን። «መጀመሪያ እንቆፍር፣ ፈቃዱ ይደርሳል» የሚል ሰው ይህን ሁሉ አደጋ እናንተ ላይ እየጫነ ነው።

ርካሹ ዋጋ የሚገኘው አፉን በመዝለል ነው። በትክክል ሲሠራ የድሮው ከርብና ቦዩ እስከ ቅርቡ መጋጠሚያ ድረስ በመጋዝ ተቆርጦ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፣ ሥሩ ይጠቀጠቃል፣ ኮንክሪቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ካሳፎርማ ይመታል፣ ዝቅ ያለው ከርብ ከቦዩ ጋር አብሮ በኮንክሪት ይሞላል። ከዚያ ኤፕረኑ ይከተላል፤ ውፍረቱን የሚወስነው የከተማው ወይም የካውንቲው ስታንዳርድ ሲሆን ግቢ ውስጥ ከሚበቃው 4 ኢንች ይበልጣል፣ ብዙ ቦታ 6 ወይም 7 ኢንች ነው። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ኢንስፔክተር መጥቶ ካሳፎርማውንና ሥሩን ያያል። ከተሞላ በኋላ የተጠራ ኢንስፔክተር ሥሩን ማየት ስለማይችል እንድታፈርሱ ሊያዛችሁ ይችላል።

የማጭበርበሪያው ሥራ ደግሞ ይህን ይመስላል፦ ከርቡን ሳይነኩ ቦዩ ውስጥ አስፋልት ጠቅጥቀው መኪና መውጫ ያደርጉታል። ለአንድ ሁለት ወር ይሠራል። ከዚያ የዝናብ ውሃው ማለፊያ ስለሚያጣ ጎረቤት በር ላይ ይተኛል፣ ክረምት ሲገባ እዚያው በረዶ ይሆናል፣ የበረዶ መጥረጊያው መኪናም በምላጩ ገሽልጦ ይወስደዋል። ሌላው ዘዴ ከርቡን በመዶሻ መፈርከስ ነው፤ የተሰነጠቀው ጫፍ ውሃ እየጠጣ በየክረምቱ ይረግፋል፣ ተጠያቂውም የቤቱ ባለቤት ነው።

ቤቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ኤፕረኑ ከቦዩ ተነስቶ ቢያንስ የከርቡን ቁመት ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ 6 ኢንች፣ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ወደ ጋራዡ መውረድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጉብታ ከተዘለለ የመንገዱ ጎርፍ በሙሉ ወደ ጋራዣችሁ ይገባል። የእግረኛ መንገዱን ሲያቋርጥ ደግሞ የጎን ተዳፋቱ ከ2 በመቶ፣ ማለትም በአንድ ፊት ሩብ ኢንች ገደማ፣ መብለጥ የለበትም፤ ዊልቸር እንዳይንሸራተት የወጣ የአካል ጉዳተኞች መስፈርት ነው። በሌቭል ተለክቶ ከዚህ በልጦ ከተገኘ ኢንስፔክተሩ አያሳልፈውም። ከርብ የሌለው፣ በዳሩ ክፍት ቦይ ያለው መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከድራይቭዌዩ ሥር የውሃ ቱቦ መግባት አለበት፤ መጠኑን የሚወስነው ፈቃዱ እንጂ ሠራተኛው መኪና ላይ የተረፈው ቱቦ አይደለም።

አሁን ወደ «ተረፈን» አስፋልት እንምጣ። ትኩስ አስፋልት ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ 300 ፋራናይት ገደማ ነው። ወደ 180 ሲወርድ ሮለር ቢሄድበትም አይጠቀጠቅም፤ ላዩ ያምራል፣ ውስጡ ግን ክፍተት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሌላ ሥራ ተርፎ የመጣ አስፋልት ይህን ያህል ሙቀት ይዞ መድረሱ አጠራጣሪ ነው። ብዛቱም አይገጥምም። 20 በ30 ፊት የሆነ ድራይቭዌይ 600 ስኩዌር ፊት ነው፤ ተጠቅጥቆ 2 ኢንች እንዲሆን ከ7 ቶን በላይ አስፋልት ይፈልጋል። ለሌላ ሥራ ሲያዝ 7 ቶን አትርፎ የሚያዝ ኮንትራክተር የለም። ስለዚህ ያላቸውን 3 ቶን ተኩል ይዘረጉና 1 ኢንች ያደርጉታል።

ከሥሩ ያለው ደግሞ ከላዩ ይበልጣል። ለዚያው 600 ስኩዌር ፊት 6 ኢንች የተጠቀጠቀ ጠጠር ለማስገባት 20 ቶን ገደማ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ውስጥ ይህን ጠጠር ሲአር-6 ይሉታል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 21ኤ። ስሙን ውሉ ላይ አጽፉት። ያለ ጠጠር አፈር ላይ የተደፋ አስፋልት የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ይነሳል፤ ሥሩ የገባው ውሃ በረዶ ሲሆን ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሰምጣል። አስፋልቱ ሲመጣ የፋብሪካውን የሚዛን ቲኬት ጠይቁ፤ ቶኑ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ቲኬት የለም ካሉ መኪናውን መልሱት። ሥራው ሲያልቅም ጠርዙ ላይ ማስመሪያ አስጠግታችሁ ውፍረቱን ለኩ፣ ፎቶ አንሱ።

ከመቆፈሩ በፊት 811 ደውሎ የተቀበሩ መስመሮችን በቀለም ማስመልከት ግዴታ ነው፤ ለእናንተ ነጻ ነው። የጥሪው ቲኬት በሚቆፍረው ድርጅት ስም መሆን አለበት። መሬቱ ላይ ቀይ ቀለም ካያችሁ መብራት፣ ቢጫ ጋዝ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኢንተርኔት፣ አረንጓዴ ፍሳሽ ነው። ምንም ቀለም ሳይቀባ ኤክስካቫተር ያወረደ ሰው ጋዝ መስመር ላይ ቢደርስ የሚጠብቃችሁን መገመት አያዳግትም።

ውሉን በተመለከተ፦ የሜሪላንድ ሕግ የቤት ማሻሻያ ሥራ ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ ድራይቭዌይ በስሙ ተጠቅሷል። ስለዚህ ሠራተኛው የሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው፣ ቁጥሩም ውሉ ላይ ሊጻፍ ይገባል። ቀብድ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ በላይ መቀበል አይፈቀድለትም፤ ውል ሳይፈረምም ምንም መቀበል አይችልም። «ግማሹን ዛሬ፣ ለዕቃ መግዣ» የሚለው ልማድ ሜሪላንድ ውስጥ ሕገ ወጥ ነው። ኮሚሽኑ ለተጎዳ የቤት ባለቤት እስከ 30,000 ዶላር ሊከፍል የሚችል የዋስትና ፈንድ አለው፤ የሚከፍለው ግን ሥራውን የሠራው ባለፈቃድ ከሆነ ብቻ ነው። ቨርጂኒያም ከ1,000 ዶላር በላይ ለሆነ ሥራ የኮንትራክተር ፈቃድ ትጠይቃለች። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አረጋግጡ፤ ስሙ ውሉ ላይ ካለው ስም ጋር፣ ቼኩም ከሚጻፍለት ስም ጋር አንድ መሆን አለበት። የሌላ ሰው ፈቃድ ተከራይቶ የሚሠራ ሞልቷል።

«ፈቃዱን በራሳችሁ ስም አውጡት፣ ይረክሳል» ሲሏችሁ ደግሞ ምክንያቱ ርካሽነት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ማውጣት ስለማይችሉ ነው። ዋጋውም በስኩዌር ፊት ብቻ ተጽፎ አይፈረም። ሲጨርሱ «ሰፋ አድርገን ሠራንላችሁ» ብለው እጥፍ የሚጠይቁት በዚህ ቀዳዳ ነው። ርዝመት፣ ስፋት፣ የአስፋልትና የጠጠር ውፍረት፣ የከርቡና የኤፕረኑ ሥራ፣ ፈቃድ የሚያወጣው ማን እንደሆነና ጠቅላላ ዋጋው በቁጥር ይጻፍ። ክፍያው በዜል ወይም በካሽ ብቻ ከተባለ ገንዘቡ ከወጣ ማስመለሻ የለውም፤ ክሬዲት ካርድ ቢያንስ ለመከራከር መብት ይሰጣል።

ወገኖቻችን እምብዛም የማያውቁት አንድ የፌዴራል ሕግ አለ። ቤታችሁ መጥቶ ከ25 ዶላር በላይ የሆነ ነገር የሸጠላችሁን ሰው ውል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ራሳችሁ ጠርታችሁት የመጣ ቢሆንም። ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆኖ ይቆጠራል። ሻጩ የመሰረዣ ቅጽ በሁለት ኮፒ መስጠት አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሉ ሲያግባባችሁ በዋናነት በተናገረበት ቋንቋ መጻፍ አለበት። በአማርኛ አሳምኖ የእንግሊዝኛ ወረቀት ያስፈረመ ሰው ይህን ሕግ ጥሷል። «ዛሬውኑ እንጀምር» የሚለው ጥድፊያ ሦስቱን ቀን ለማሳለፍ መሆኑን ልብ በሉ።

ቀኑ ካላለፈ ቅጹን ፈርማችሁ በሰርተፋይድ ፖስታ ላኩ፣ ደረሰኙን ያዙ። ካለፈና ሥራው ያለ ፈቃድ ተጀምሮ ከሆነ ቀሪውን አትክፈሉ፤ ቦዩን፣ ከርቡንና ጠርዙን ማስመሪያ አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከዚያ ራሳችሁ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደውላችሁ ከሥራ በኋላ የሚወጣ ፈቃድ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ጎረቤት ጠቁሞ ከሚመጣ ኢንስፔክተር ይልቅ ራሳችሁ የጠራችሁት ይሻላል። አዲስ ለምትዋዋሉ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ኢንስፔክተሩ ኤፕረኑን አይቶ ሲያሳልፈው ነው የሚል አንድ መስመር ውሉ ላይ ጨምሩ፤ ይህን መስመር ለመፈረም እምቢ ያለውን ሰው አታሠሩት።