ለዶርማችን ሃውስማይስተር ምስጋና፤ ወደ በርሊን ለምትመጡ ተማሪዎችም ጥቆማ

በርሊን፣ ቬዲንግ ሰፈር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የመኖሪያ ሕንፃችንን ሃውስማይስተር (የሕንፃ ተንከባካቢ) በአደባባይ ልናመሰግን እንወዳለን። ስማቸውን አንጠቅስም፤ ሕንፃው ውስጥ ያለፈ ሁሉ ማንን እንደምንል ያውቃል።

ሃውስማይስተር የቧንቧው፣ የማሞቂያው፣ የቁልፉና የቆሻሻ በርሜሉ ኃላፊ ነው። አዲስ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን በር ሳይረግጥ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። እኚህ ሰው ቁልፍ ሰጥተው አይሄዱም። ክፍሉ ድረስ አብረው ገብተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያሳያሉ፤ ቋንቋ ካልተግባባ በእጃቸው ያሳያሉ። ሰው በባዕድ ከተማ የሚሰማው ብርድና ብቸኝነት ግማሹ እነዚህን ነገሮች ካለማወቅ ስለሚመጣ፣ የሚያስተምሩትን እዚህ እንጽፈዋለን።

የመጀመሪያ ሥራቸው ስም መለጠፍ ነው። ጀርመን ውስጥ ፖስተኛ ደብዳቤ የሚያስገባው ሳጥኑ ላይ ያለውን ስም አንብቦ ነው። በፖስታ ሣጥን ቁጥር ላደገ ሰው ይህ በሐሳቡም አይመጣም። ስም ከሌለ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የባንክ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩ፣ የጤና መድን ካርዱ፣ የግብር መለያ ቁጥሩ ደግሞ የሚመጡት በፖስታ ነው። የእኛ ሰው ላይ ችግሩ የሚብሰው በስማችን ሥርዓት ምክንያት ነው። ሳጥኑ ላይ የራስ ስም ብቻ ተለጥፎ ደብዳቤው በአያት ስም ከመጣ፣ ፖስተኛው ሁለቱን የሚያገናኝበት መንገድ የለውም። እሳቸው ይህን ስለሚያውቁ ፓስፖርት ይጠይቁና በቤተሰብ ስም መስመር ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ገልብጠው ሳጥኑም ደወሉም ላይ ይለጥፉታል። ሌላ ዶርም የምትገቡ ይህን ራሳችሁ ጠይቁ፤ በወረቀት ጽፎ በፕላስተር መለጠፍም ለጊዜው ይበቃል።

ሳጥኑን በየቀኑ ክፈቱ። በቢጫ ፖስታ የሚመጣ የመሥሪያ ቤት ወይም የፍርድ ቤት ደብዳቤ ፖስተኛው ሳጥን ውስጥ ከጣለበት ቀን ጀምሮ እንደ ደረሳችሁ ይቆጠራል፤ ቀኑም ፖስታው ላይ ይጻፋል። የይግባኝ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ስለሆነ ፖስታውን አትጣሉት።

ከቁልፉ ጋር የሚሰጡት ሌላው ወረቀት የቤት ሰጪው ማረጋገጫ ነው። የኪራይ ውል በእሱ ፋንታ አይሠራም። አንሜልዱንግ፣ ማለትም የአድራሻ ምዝገባ፣ በሕግ የሚጠበቀው ከገባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ያለ ማረጋገጫው ግን ቀጠሮ አግኝታችሁ ብትሄዱም ይመልሷችኋል። በበርሊን ከሰፈራችሁ ውጭ ያለ ቡርገርአምትም (የነዋሪዎች አገልግሎት ቢሮ) ይመዘግባችኋል፤ የተሰረዙ ቀጠሮዎች ስለሚለቀቁ ድረ ገጹን ደጋግማችሁ እዩ። ብዙ ባንኮች የምዝገባ ወረቀቱን ይጠይቃሉ፣ የታገደው ሂሳባችሁ (ለቪዛ ብላችሁ አስቀድማችሁ ያስቀመጣችሁት የመኖሪያ ገንዘብ) ደግሞ ወርሃዊውን የሚለቀው ብዙውን ጊዜ እዚህ በተከፈተ ሂሳብ ነው። በ2024 በወጣው ተመን ይህ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። እንግዲህ አንድ ወረቀት ሲዘገይ ኪራዩም አብሮ ይዘገያል። የመጀመሪያውን ወር ኪራይና መያዣውን ለብቻ ይዛችሁ ኑ።

ስለ ማሞቂያው ትዕግሥታቸው የተለየ ነው። አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ራዲያተር አዲስ ዕቃ ነው፤ ብርድ ሲብስ 5 ላይ አዙሮ ይተወዋል። 5 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም። ቁጥሩ ክፍሉ የት ደርሶ እንደሚቆም ብቻ ነው የሚወስነው፦ 3 ወደ 20 ዲግሪ፣ 4 ወደ 24 ይሆናል፤ የበረዶው ምልክት ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ እንዳይሆን ብቻ ይጠብቃል። ራዲያተሩ ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ፣ ወይም ከተንቦጫረቀ፣ ውስጡ አየር ገብቷል፤ ራሳችሁ አትነካኩት፣ ንገሯቸው።

ከዚህ ጋር አየር ማስገባት ይመጣል። ወጥ ሲንተከተክ፣ ልብስ ክፍል ውስጥ ሲደርቅ፣ እርጥበቱ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይቀመጥና ሻጋታ ይሆናል። መፍትሔው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ማሞቂያውን ዘግቶ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መክፈት ነው። ማሞቂያው ካልተዘጋ የገባው ብርድ ስለሚነካው በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። የመስኮቱ እጀታ ወደ ታች ሲሆን ይዘጋል፣ አግድም ሲሆን ይከፈታል፣ ወደ ላይ ሲሆን ከላይ ብቻ ያዘነብላል። በክረምት መስኮቱን አዘንብሎ ቀኑን ሙሉ መተው በዙሪያው ያለውን ግድግዳ ያቀዘቅዘዋል፤ ሻጋታም የሚጀምረው እዚያ ነው። ቁም ሣጥኑንም ከውጭው ግድግዳ ጥቂት ሴንቲሜትር አርቁት።

ቡና ለምንቆላ ሰዎች ይህን በተለይ ልብ በሉ። ጭስና ዕጣን የጭስ ጠቋሚውን ያስጮኸዋል። ያኔ አብዛኛው ሰው ጭሱን ለማስወጣት የኮሪደሩን በር ይከፍታል፤ ጭሱ የኮሪደሩን ጠቋሚ ሲያገኝ ሕንፃው በሙሉ ይወጣል። የኮሪደሩን በር ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የጋራ ወጥ ቤት ውስጥ ቁሉ። ጠቋሚውን በፌስታል መሸፈን ፈጽሞ አይሆንም። ከሰል ቤት ውስጥ ማያያዝም እንዲሁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ልታመጡ ያሰባችሁ፣ የግድግዳው ሶኬት የሚችለው 16 አምፔር፣ ማለትም ወደ 3,600 ዋት ገደማ ነው። በዚያው መስመር የኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያና ማሞቂያ ከተጨመረ ፊውዙ ይወርዳል።

ቁልፍ። በሩ ስትወጡ ራሱ ይገጥማል፤ ከውጭ ያለ ቁልፍ አይከፈትም። በሌሊት የሚመጣ ቁልፍ ከፋች ብዙ ስለሚያስከፍል ዋጋውን በስልክ አስቀድማችሁ ተስማሙ። በሩ ተገጥሞ ብቻ ከሆነ፣ በቁልፍ ካልተዞረ፣ መቆለፊያውን ሳይሰብር ሊከፍተው ይችላል። የዋናው በር ቁልፍ ከጠፋ ግን የብዙ በሮች ቁልፍ ሊቀየር ስለሚችል፣ የኃላፊነት መድን (በሌላ ሰው ንብረት ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍል) ስትገቡ የጠፋ ቁልፍ እንደሚሸፍን አረጋግጡ።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ስለ ክፍሉ ርክክብ ቅጽ ነው። ሌላ ቦታ ተማሪው ሳያነብ ይፈርማል፤ እሳቸው ግን «ቆይ» ብለው የወለሉን ጭረት፣ የጠረጴዛውን ቃጠሎ፣ የፍራሹን እድፍ አብረው እያዩ ይጽፋሉ። ያልተጻፈ ጉዳት ሲወጡ ከመያዣው ላይ ይቆረጣልና። ፎቶም አንሡ፣ ቀኑ በሚታይ መንገድ።

ዶርማችን የሚደርሳችሁ ስትመጡ በሥራ ሰዓት ድረሱ፤ ከአርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ሰኞ ቢሯቸው ዝግ ነው። ብልሽት ስትነግሯቸው የክፍል ቁጥራችሁን፣ የተበላሸውን ዕቃና ቤት የምትገኙበትን ሰዓት አንድ ላይ ጻፉ። ገንዘብ አትስጧቸው፣ አይቀበሉም። ማመስገን የምትፈልጉ ዶርሙን ለሚያስተዳድረው የመኖሪያ ቤት ክፍል አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ እኛም የጋራችንን ጽፈን ልከናል።