የመንገድ ጣቢያ ወይስ የከተማ ሆቴል? የፈረስ ሠረገላ ዘመን ማረፊያዎች

እ.ኤ.አ. በ1858 በአሜሪካ የተጀመረው የበተርፊልድ የፖስታ ሠረገላ፣ 4,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በ25 ቀን የመጨረስ ውል ነበረበት። ስለዚህ ሌሊትም ይነጉዳል፤ ተሳፋሪው ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል።

ጣቢያው የተሠራው ለሰው ሳይሆን ለፈረስ ነው። ትንሹ ጣቢያ ፈረስ መቀየሪያ ብቻ ነው። በትልቁ ግን ሹፌርም ይቀየራል፣ ምግብም ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ፣ ቦሎቄ፣ ዳቦና ቡና። እዚያ ለማደር የወረደ መቀመጫውን ሊያጣ ይችላል። ሠረገላው የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው፤ ያም ሞልቶ ከመጣ እንደገና መጠበቅ ነው።

በትንሽ ከተማ ሆቴል ደግሞ እግር ይዘረጋል። ብዙዎቹ ከኋላ ጋጣ፣ ከፊት የሠረገላ ትኬት መሸጫ ነበራቸው። ይሁን እንጂ አልጋ ለብቻ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ከማያውቁት ሰው ጋር መተኛት የተለመደ ነበር። አልጋው ራሱ በእንጨት ቋሚና አግዳሚ መካከል የተወጠረ ገመድ ሲሆን፣ በላዩ የገለባ ፍራሽ ይነጠፋል። ገመዱ በክብደት ይረግባል፤ ያኔ የተኙት ሁለቱም ወደ መሃል ይንሸራተታሉ። አስተናጋጁ በእንጨት መፍቻ እየጠመዘዘ በየጊዜው ካላጠበቀው እንቅልፍ የለም። ትኋን የሚደበቀውም ገመዱ በሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ነው።

ለቸኮለ ሰው ጣቢያው ይሻላል፤ ቀናት በሠረገላ ለተንገላታ ግን የጋራ አልጋም ቢሆን ሆቴሉ ይመረጣል። በ1869 አህጉር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ ሲጠናቀቅ፣ ከሠረገላ ሌላ ገቢ ያልነበራቸው ብዙ ጣቢያዎች ተዘጉ። ሆቴሉ ሐዲዱ በአቅራቢያው ካለፈ ደንበኛ ቀየረ።