በባለሙያ ያስገጠምኩት የጓሮ ጠብታ መስኖ፦ በጋውንም ክረምቱንም ካየ በኋላ

የጓሮዬን መስኖ በባለሙያ ካስገጠምኩ ወራት ተቆጥረዋል፤ በጋውም ክረምቱም አልፎበታል። ያወጣሁበት ገንዘብ አልቆጨኝም። ሰው ግን ባለሙያ የሚጠራው ቱቦ ለማስዘርጋት ይመስለዋል። ጊዜና ትዕግሥት ካለ ቱቦውን ማንም ይዘረጋዋል። እኔ ከፈልኩ የምለው ባለሙያው አንድም ቱቦ ሳይቆርጥ በፊት ለሠራው ሥራ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ባልዲ ነበር። 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ ከቧንቧው ሥር አድርጎ ሙሉ በሙሉ ከፈተውና ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ በሰዓት ያዘ። እንዲህ ያለ ባልዲ በአንድ ደቂቃ ከሞላ ቧንቧው በሰዓት 1200 ሊትር ይሰጣል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ድሪፐር (ቱቦው ላይ ሆኖ ውሃውን ጠብ ጠብ የሚያደርገው ትንሽ ዕቃ) ሊሠራ እንደሚችል የሚወሰነው ከዚህ ቁጥር ተነስቶ ነው። ቀጥሎ ግፊቱን ለካ። ከፍ ካለ ታንከር ውሃ የምትጠቀሙ ይህን ልብ በሉ፦ 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ፣ 3 ሜትር ላይ የተሰቀለ ታንከር ከ0.3 ባር ብዙም አያልፍም። አብዛኞቹ ግፊት አመጣጣኝ ድሪፐሮች፣ ማለትም ግፊቱ ቢለዋወጥም እኩል ውሃ የሚሰጡት፣ በዚህ ግፊት በትክክል አይሠሩም። ይህን ሳይለካ ዋጋ የሚነግራችሁን ሰው እኔ ብሆን አላሠራውም።

ከዚያ በአካፋ ትንሽ ቆፍሮ አፈሩን በእጁ አሸት አሸት አደረገው። ጥቁር የሸክላ አፈር ውሃውን ወደ ጎን ያሰፋዋል፤ አሸዋማው ደግሞ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይሰደዋል። የእኔ ሸክላ ስለሆነ ድሪፐሮቹን ራቅ ራቅ አድርጎ፣ በሰዓት 2 ሊትር የሚያንጠባጥቡትን መረጠ። ቶሎ ቶሎ የሚያፈስሰው ዓይነት ቢሆን ውሃው ሳይሰርግ ላዩ ላይ ይተኛ ነበር።

በጣም የወደድኩት መስመሮቹን መለየቱን ነው። የአትክልት መደቦቹ ለብቻ፣ ዛፎቹ ለብቻ ሆኑ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቫልቭ አለው። ሰላጣ ሥሩ አጭር ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ውሃ ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ዛፍ ደግሞ አልፎ አልፎ በብዛት ሲጠጣ ነው ሥሩን ወደ ታች የሚሰደው። ሁለቱ በአንድ ቫልቭ ከታሰሩ አንዱ መጎዳቱ አይቀርም። ለሎሚው ዛፍ በሰዓት 4 ሊትር የሚሰጡ አራት ድሪፐሮች ግንዱን ሳይነኩ ዙሪያውን ተቀመጡለት፤ ሁለት ሰዓት ሲከፈት 32 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ዛፉ እየሰፋ ሲሄድ ድሪፐሮቹም ወደ ውጭ እንዲወጡ ትርፍ ቱቦ ጠቅልሎ ትቶልኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ካልሠራበት ሰው አታገኙትም።

ለውጡን በደንብ ያየሁት ቲማቲሙ ላይ ነው። ድሮ ፍሬው ከታችኛው ጫፉ በኩል ይጠቁርብኝ፣ አንዳንዱም ይሰነጠቅ ነበር። ውሃ አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ሲጠፋ የሚመጣ ችግር ነው። አሁን ውሃው በልክና በሰዓቱ ስለሚደርሰው በጣም ቀንሷል። ቅጠሉ ስለማይረጥብም የቅጠል በሽታው እንደ በፊቱ አይደለም። በመደቦቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ደረቅ ስለሆነ አረሙም ያንን ያህል አያስቸግርም።

ቅሬታም አለኝ። ማጣሪያውን ግድግዳ አስጠግቶ ስለገጠመው ክዳኑን ለመፍታት እጅ የሚያስገባ ቦታ አልነበረም። የጠብታ መስኖ ማጣሪያ ደግሞ በየጊዜው ተፈትቶ የሚታጠብ ዕቃ ነው፤ ካልታጠበ ግፊቱ ይወርዳል፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያሉት ተክሎች ይጠማሉ። ደውዬለት መጥቶ አዛወረው፣ ለዚህም አመሰግነዋለሁ፤ ግን ሲጀመር ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበር። ሁለተኛው፣ የተቀበረው ቱቦ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ንድፍ ሳይሰጠኝ ነው የሄደው። ወትውቼ አስሳልኩት። እናንተ ግን አፈር ከመመለሱ በፊት ቦዩን ፎቶ አንሱት፤ ከንድፍም ይሻላል።

ሲዘንብ መስኖውን የሚያቆም የዝናብ ሴንሰር የሚባል ነገር እንዳለም አልነገረኝም። ክረምት ሲገባ ውሃውን በሰዓቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ታይመር ዝናብ ይዝነብ አይዝነብ ሳያውቅ ሰዓቱን ጠብቆ ያጠጣ ነበር፤ ሸክላ አፈር ላይ ይህ ሥር ያበሰብሳል። አሁን ሰማዩን እያየሁ እኔው አጠፋዋለሁ። ቤት የማይውል ሰው ግን ሴንሰሩን ከመጀመሪያው ማስገጠም አለበት።

ጥገናው ከባድ አይደለም። ማጣሪያውን አጥባለሁ፤ የመስመሮቹን ጫፍ ከፍቼ የተጠራቀመው ደለል እስኪወጣና ውሃው እስኪጠራ አፈስሳለሁ፤ ፀሐይ የሚያገኛቸውን ቱቦዎች በገለባ እሸፍናለሁ። ውሃው ኖራ በሚበዛበት ቦታ ድሪፐሩ አፍ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ተነቃይ ድሪፐር ከሆነ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ነው።

ጓሮዬን ባሰፋ ይህንኑ ሰው መልሼ እጠራዋለሁ። የመጨረሻውን ክፍያ የምሰጠው ግን በአንድ መስመር የመጀመሪያና የመጨረሻ ድሪፐር ሥር ዕቃ አስቀምጠን አብረን ከለካን በኋላ ነው። በሰዓት 2 ሊትር የሚሰጥ ድሪፐር በሩብ ሰዓት ግማሽ ሊትር መሙላት አለበት። የመጨረሻው ከመጀመሪያው ብዙ ካነሰ ሥራው ገና አላለቀም።