ሾርት ለመፈለግ፦ አምፖል ወይስ መልቲሜትር?

የአዳማ ሙቀት ለአሮጌ መኪና ሽቦ አይራራም። ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ባዶው ሽቦ ቦዲ ይነካል፤ ሾርት የምንለው ይህን ነው። ያን ጊዜ ፊውዝ ይቃጠላል። ትቀይሩታላችሁ፣ ይደግማል። የእኔ ዲኤክስ የኋላ መብራት ባበራሁ ቁጥር በአንድ ምሽት አራት ፊውዝ በልታብኛለች። መፈለጊያ መግዛት ለምታስቡ፣ በሁለቱም ሠርቼ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አምፖሉ ርካሽ ነው። አንድ ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል፣ ሁለት ቁራጭ ሽቦና ናስትሮ ይበቃል። የተቃጠለውን ፊውዝ አውጥታችሁ ሁለቱን ጫፍ በቦታው ታስገባላችሁ። ሾርት ካለ ደምቆ ይበራል። አምፖሉ ሁለት አምፔር እንኳ ስለማያሳልፍ ሽቦው አይግልም። አደራ፣ በፊውዝ ቦታ ባዶ ሽቦ አታስገቡ፤ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነው። መጀመሪያ የዚያን መስመር መብራቶች በሙሉ ንቀሉ፤ አለዚያ በእነሱ በኩል በርቶ ያሳስታችኋል። ከዚያ ሽቦውን እየተከተላችሁ ነቅንቁ፣ ሶኬት በሶኬት ንቀሉ። አምፖሉ ድንገት የጠፋበት ቦታ ላይ ቁሙ። እኔ ያገኘሁት የፖርታ ባጋሊዮው ማጠፊያ ጋ ነው። ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ስንት ዓመት ሲያሸው ኖሮ ሽቦው ተልጧል።

ኤርባግ ያለው መኪና ላይ ግን አምፖል አትሞክሩ።

መልቲሜትር ሌላ በሽታ ነው የሚያውቀው። ፊውዝ ደህና ሆኖ ባትሪው አድሮ የሚሞት ከሆነ አምፖል ብዙ አይረዳችሁም። መልቲሜትሩን 10 አምፔር ላይ አድርጋችሁ፣ ቀዩን ገመድ በ10 አምፔር ቀዳዳ ሰክታችሁ፣ በባትሪው ኔጌቲቭና በተነቀለው ገመዱ መካከል ታገናኙታላችሁ። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ከ50 ሚሊአምፔር (0.05 አምፔር) በታች ካሳየ ጤና ነው። ከበለጠ ፊውዝ አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ቁጥሩ የወረደበት መስመር ጥፋተኛው ነው። በዚህ መሃል ሞተር እንዳታስነሱ፤ የመልቲሜትሩ ፊውዝ ይቃጠላል።

ስትገዙ ሁለቱ ጫፎቹ ሲነካኩ የሚጮህ መሆኑንና የ10 አምፔር ቀዳዳ እንዳለው እዩ። ሽቦ በመንጋጋው አቅፎ የሚለካውን ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የቤት መብራት ብቻ ነው የሚለኩት፤ የመኪና ባትሪ ግን ዲሲ ነው፣ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ። ከኤ (A) ፊደል አጠገብ ቀጥ ያለ መስመር፣ ከሥሩም የተቆራረጠ መስመር ከሌለ መልሱለት።

አንዱን ብቻ ምረጥልን ካላችሁ መልቲሜትሩን ግዙ። አምፖሉንማ ከራሳችሁ ፍሬቻ መንቀል ትችላላችሁ።