ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ፦ በአነስተኛ በጀት ለመጀመሪያ የወፍ ሌንስ

ለወፍ ፎቶ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቶሎ ያጥራል (ቁጥሩ ሲበልጥ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል)። ሽመላ ወይም ዳክዬ ቢያነሳም ድንቢጥን የምታህል ወፍ ፍሬሙ ውስጥ ነጥብ ሆና ትቀራለች። በአነስተኛ ገንዘብ 600 ከሚያደርሱት ውስጥ ቀድሞ መታየት ያለበት፣ በተለይ ያገለገለው፣ ሲግማ 150-600 ኤፍ 5-6.3 ኮንቴምፖራሪ ነው (ኤፍ የብርሃን መግቢያው ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል)። 1.5 ክሮፕ ባለው፣ ማለትም ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ ላይ ሲገጠም 600ው ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ላይ 900 ሚሊ ሜትር የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል።

ስሙን አጣርታችሁ ግዙ። በዚሁ ቁጥር ስፖርትስ የሚባል ሌላ ሌንስ አለ፤ እሱ 2860 ግራም ነው፣ ኮንቴምፖራሪው 1930። በእጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይህ ልዩነት ከጥራቱ ልዩነት ይበልጣል።

እስከ 400 ድረስ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። 600 ላይ በኤፍ 6.3 ትንሽ ይለሰልሳል፣ በኤፍ 8 ይሻሻላል፤ ነገር ግን ብርሃን ያስከፍላል። በኤፍ 6.3 አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ይበቃ የነበረው፣ የሹተሩ ፍጥነት ሳይቀየር ኤፍ 8 ላይ 2500 ይጠይቃል። ደመና ሲሆን በ6.3 መቆየቱ ይሻላል።

«ሌንሱ ያደበዝዛል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፏን እንቅስቃሴ አያቆምም። ለተቀመጠች ወፍ ቢያንስ 1/500 ሰከንድ፣ ለምትበር 1/2000 ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሳው ሙቅ አየር ደግሞ ሩቁን ሁሉ ያርገበግበዋል፤ ይህን የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም፤ መፍትሔው በማለዳ መውጣትና መቅረብ ብቻ ነው። እነዚህ ተስተካክለውም ፎከሱ ሁልጊዜ ከወፏ ፊት ወይም ኋላ የሚያርፍ ከሆነ፣ መስተዋት ባለው ካሜራ (ዲኤስኤልአር) ላይ የማስተካከያ ችግር ነው። ሌንሱን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የሲግማ ዩኤስቢ ዶክ በአራት የዙም ርዝመትና በአራት ርቀት፣ በድምሩ 16 ቦታ ላይ ያርመዋል። ካሜራቸው ራሱ ፎከስ ማረሚያ ለሌለው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዶኩ ግን ከሌንሱ ማያያዣ፣ ከካኖን ወይም ከኒኮን፣ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ፎከሱ ወዲያ ወዲህ እየሄደ ካስቸገረ ሌንሱ ላይ ያለውን የርቀት መገደቢያ ማብሪያ ከ10 ሜትር በላይ ወዳለው አዙሩት። ከዚያ የቀረበች ወፍ ስትመጣ መመለስ እንዳትረሱ።

ያገለገለውን ስትመረምሩ ከኋላ በባትሪ አብሩበት። ጥቂት አቧራ አይጎዳም፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ግን ሻጋታ ስለሆነ ተዉት። 600 ላይ አድርጋችሁ ከቅርብ ወደ ሩቅ ደጋግማችሁ ፎከስ አስደርጉት፤ የሚያመነታ ወይም የሚንጫጫ ሞተር ጥገናው ውድ ነው። ከዚያ ጽሑፍ የተለጠፈበትን ግድግዳ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፤ ግራው ጠርቶ ቀኙ ከደበዘዘ ሌንሱ ውስጥ ካሉት ብርጭቆዎች አንዱ ከቦታው ተናግቷል።

አማራጮቹስ? ታምሮን 150-600 ጂ2 በሁሉም ይቀራረበዋል፤ እስከ 2.2 ሜትር ድረስ ፎከስ ማድረጉ ብልጫው ነው፣ ሲግማው 2.8 ይፈልጋል። ኒኮን 200-500 ኤፍ 5.6 ብርሃኑ የተሻለ ቢሆንም 2300 ግራም ነው፤ ዲ90ን በመሳሰሉ አሮጌ ካሜራዎች ላይም አፐርቸሩ (የብርሃን መግቢያው) አይታዘዝም። ካኖን ኢኤፍ 400 ኤፍ 5.6 ማረጋጊያ የለውም፤ ግን 1250 ግራም ብቻ ሆኖ ፎከሱ ፈጣን ስለሆነ፣ በዋናነት የሚበሩ ወፎችን ለሚከታተል ከሲግማው እሱን እመርጣለሁ።

በካሜራውና በሌንሱ መካከል ገብቶ ይበልጥ የሚያቀርበውን 1.4 ቴሌኮንቨርተር ለመጨመር አትቸኩሉ። ኤፍ 6.3 ወደ ኤፍ 9 ይወርዳል፤ መስተዋት ያላቸው ብዙ ካሜራዎች ከኤፍ 8 አልፈው በአግባቡ ፎከስ አያደርጉም። በዚያ ገንዘብ ጠንካራ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር መደገፊያ) ግዙ፤ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ሌንስ ወፏ እስክትዞር ድረስ ለደቂቃዎች ደግፎ ለመጠበቅ እሱ ያስፈልጋል።